ክኒኑ፣ ቅጠሉና ጉበት



ወደ አንድ የቅመም መደብር ጎራ ያለ ሰው ዛሬ ዛሬ ከበርበሬውና ከኮረሪማው ጎን ሌላ ረድፍ ያያል። የሽፈራው ቅጠል ዱቄት በላስቲክ ታሽጓል፤ የጥቁር አዝሙድ ዘይት በትናንሽ ጠርሙሶች ተሞልቷል፤ እርድና ዝንጅብል ከማር ጋር ተለውሶ ተቀምጧል። የብዙዎቹ ማስታወቂያ ተመሳሳይ ነው፦ «ጉበት ያጸዳል»። ማኅበራዊ ሚዲያውማ አንድ እርምጃ ይጨምርበታል። መድኃኒት የሚያበዛ ሰው እነዚህን ከጠጣ ጉበቱ አይጎዳም፣ ምክንያቱም አንቲኦክሲዳንት አላቸው ይላል።

ወሬው ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም። ከበስተጀርባው ከሃምሳ ዓመት በላይ የተሠራበት ጠንካራ ሳይንስ አለ። ሳይንሱ ያለውና ሻጩ የሚለው ግን አንድ አይደሉም። የዛሬው ዝግጅታችን የሚያተኩረው በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

በአንድ ጎልማሳ ሰውነት ውስጥ ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ቦታው በስተቀኝ ከጎድን አጥንት ሥር ነው። ከሆድና ከአንጀት የሚነሣው ደም ወደ ሌላው አካል ከመሠራጨቱ በፊት በጉበት በኩል ያልፋል፤ ስለዚህ ተውጦ ወደ ደም የገባ መድኃኒት ቀድሞ የሚያገኘው ጉበትን ነው። ጉበት ደግሞ የመጣለትን መድኃኒት እንዳለ አይተወውም። በኢንዛይሞች እየለወጠ በሽንት ወይም በሐሞት ሊወገድ በሚችል መልክ ያዘጋጀዋል። አስቸጋሪው ነገር በዚህ ለውጥ መካከል አንዳንዴ ከዋናው መድኃኒት የከፋ፣ ያገኘውን ሁሉ የሚያጠቃ ኬሚካል መፈጠሩ ነው።

ለዚህ ከፓራሲታሞል የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ለራስ ምታት፣ ለትኩሳት፣ ለጥርስ ሕመም ያለ ሐኪም ወረቀት የሚገዛ፣ በየቤቱ የማይጠፋ ክኒን ነው። በልኩ ለወሰደው ሰው እምብዛም ጉዳት የለውም። እ.ኤ.አ. በ1966 ግን ዴቪድሰንና ኢስትሃም የተባሉ ሁለት ሐኪሞች ከልክ በላይ ፓራሲታሞል ከወሰዱ በኋላ ጉበታቸው የሞተባቸውን ታማሚዎች ታሪክ በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተሙ። ማንም የማይፈራው ክኒን እንዴት ጉበት ይገድላል? መልሱ እስኪገኝ ሰባት ዓመት ፈጀ።

በ1973 ጄሪ ሚቸል፣ ዴቪድ ጆሎውና ባልደረቦቻቸው በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ውስጥ በአይጦች ላይ ያደረጉትን ተከታታይ ምርምር ይፋ አደረጉ። አብዛኛው ፓራሲታሞል ያለ ችግር ተለውጦ ይወገዳል። ትንሽ ክፍሉ፣ ከመቶ አምስት እስከ አሥር የሚሆነው፣ ዛሬ ናፕኪ በሚል ምኅጻረ ቃል ወደሚጠራ አጥቂ ኬሚካል ይለወጣል። በተለመደው መጠን ይህ አያስጨንቅም፤ ጉበት ራሱ የሚሠራው ግሉታታዮን የተባለ ንጥረ ነገር ናፕኪን ወዲያው ይዞ ያስወጣዋል። መድኃኒቱ ሲበዛ ግን ግሉታታዮን ያልቃል። ተመራማሪዎቹ እንዳዩት ከጉበት ግሉታታዮን 70 በመቶው ገደማ ሲሟጠጥ ናፕኪ ወደ ሴሎቹ ፕሮቲን ይዞራል፤ ሴሎቹም መሞት ይጀምራሉ።

ስለ አንቲኦክሲዳንት ብዙ ሲወራ የማይነሣው ትልቁ ስም ይኸው ግሉታታዮን ነው። በጠርሙስ ታሽጎ የመጣ ሳይሆን ጉበት በየዕለቱ የሚሠራው የገዛ ራሱ መከላከያ ነው። ግሉታሜት፣ ግላይሲንና ሲስቴይን ከሚባሉ ሦስት አሚኖ አሲዶች ይገነባል። ነገሩ እንደ ጎተራ እህል ነው፤ በየቀኑ ይዛቃል፣ በየቀኑ ይሞላል፣ ከሚሞላው በላይ የተዛቀ ቀን ግን ባዶው ይታያል። ከሦስቱ አሚኖ አሲዶች ብዙ ጊዜ የሚያጥረው ሲስቴይን ነው።

ታዲያ ሲስቴይን ቢሰጥስ? በስኮትላንድ፣ በኤድንብራ ሮያል ኢንፈርመሪ ይሠሩ የነበሩት ዶክተር ሎሪ ፕሬስኮት የያዙት ይህንን ጥያቄ ነበር። መጀመሪያ ሲስቴአሚን የተባለ ኬሚካል ሞከሩ። ጉበትን አዳነ፤ ታማሚዎቹን ግን ክፉኛ አስመለሳቸው። ቀጥለው ወደ ኤን-አሴቲል ሲስቴይን ዞሩ። አዲስ ግኝት አልነበረም፤ የተጣበቀ አክታን ለማቅጠን ሐኪሞች አስቀድመው ይጠቀሙበት ነበር። ጉበት ሲደርስ ግን ወደ ሲስቴይን ተለውጦ ግሉታታዮን እንዲሠራ ያስችላል። በ1979 ፕሬስኮትና ባልደረቦቻቸው በደም ሥር የታከሙ 100 ከባድ የመመረዝ ታማሚዎችን ውጤት አሳተሙ። ሕክምናውን በ10 ሰዓት ውስጥ ካገኙት 62 ታማሚዎች መካከል ከባድ የጉበት ጉዳት የደረሰበት አንድ ብቻ ነበር። መድኃኒቱ ዛሬም በዓለም ዙሪያ የፓራሲታሞል መመረዝ ማርከሻ ነው።

እዚህ ላይ የሰዓቱ ነገር ይሰመርበት። ኤን-አሴቲል ሲስቴይን ይበልጥ የሚሠራው በመጀመሪያዎቹ 8 ሰዓታት ውስጥ ሲጀመር ነው፤ ዘግይቶም ቢሆን ይሰጣል፣ ጥቅምም አለው፣ ግን እንደ መጀመሪያው አይሆንም። የዚህ መመረዝ ክፉ ባሕርይ ደግሞ አታላይነቱ ነው። በመጀመሪያው ቀን ማቅለሽለሽ፣ ማስመለስ፣ መዛል ሊኖር ይችላል፤ አንዳንዱ ሰው ምንም አይሰማውም። በሁለተኛው ቀን ሻል ያለው ይመስላል፤ ቤተሰብም «ተመስገን፣ አለፈ» ይላል። በዚያው ቀን ግን በደም ምርመራ የጉበት ኢንዛይሞች ሽቅብ እየወጡ ነው። ዓይን ቢጫ የሚሆነው፣ ደም አልረጋ የሚለው፣ ሰው የሚዘባርቀው በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ነው። ስለዚህ ከልክ በላይ የተወሰደ ፓራሲታሞል ካለ፣ በስህተትም ይሁን በሌላ ምክንያት፣ ምልክት ሳይጠበቅ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ወተት ማጠጣት፣ ቅጠል መጭመቅ፣ ተኝቶ እስኪነጋ መጠበቅ ጊዜ ያስበላል።

ልኩ ስንት ነው? ለጤነኛ ጎልማሳ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ4 ግራም አይበልጥም፤ ባለ 500 ሚሊግራሙ 8 ፍሬ ማለት ነው። ለሕፃናት በክብደታቸው ይሰላል። ብዙ ሰው ከዚህ የሚያልፈው ሳያውቅ ነው። ለምሳሌ ከአሜሪካ የመጣ ዘመድ ታይሌኖል ያመጣል። በማሸጊያው ላይ የተጻፈው አሴታሚኖፌን የሚል ነው፤ አሴታሚኖፌንና ፓራሲታሞል አንድ መድኃኒት ናቸው። ጉንፋን የያዛት እናት ጠዋት ታይሌኖሉን፣ ቀትር ላይ ከሰፈር መድኃኒት ቤት የተገዛውን ፓራሲታሞል፣ ማታ ደግሞ በውስጡ ያው ፓራሲታሞል ያለበትን የጉንፋን መድኃኒት ብትወስድ ሦስት የተለያዩ ነገሮች የወሰደች ይመስላታል። ጉበቷ የሚቆጥረው ግን አንዱን ነው።

ሁለት ነገሮች ደግሞ ጎተራውን ያራቁታሉ። አንደኛው ለረጅም ጊዜ አብዝቶ አልኮል መጠጣት ነው፤ ናፕኪን የሚሠራውን ኢንዛይም ያበዛል፣ ግሉታታዮኑን ያሳንሳል። ሁለተኛው ሳይበሉ መክረም ነው። በአሜሪካ ፒትስበርግ የተደረገና በ1994 የታተመ ጥናት ከተመከረው ልክ ብዙም ያላለፈ ፓራሲታሞል ወስደው ጉበታቸው የተጎዳባቸውን ሰዎች መርምሮ ጉዳቱ ከአልኮልና በቅርቡ ምግብ ካለመብላት ጋር መያያዙን አሳይቷል። ትኩሳት ይዞት ለቀናት እህል ያልቀመሰ ሰው፣ ወይም በበዓል ማግሥት በባዶ ሆዱ ራሱን ለሚበጠብጠው ክኒን የሚደራርብ ሰው ይህንን ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

አሁን ወደ ቲቢ እንሂድ። ለኢትዮጵያ አድማጭ ከፓራሲታሞልም ይልቅ የሚቀርበው ይህ ነው፤ አገራችን የዓለም ጤና ድርጅት የቲቢ ጫና ከበዛባቸው 30 አገሮች ተርታ ያስቀመጣት ናትና። የተለመደው ሕክምና ስድስት ወር ነው። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት ከሚሰጡት አራት መድኃኒቶች ሦስቱ፣ አይሶናያዚድ፣ ሪፋምፒሲንና ፒራዚናማይድ፣ ጉበትን ሊጎዱ ይችላሉ። ጉዳቱ ምን ያህል ሰው ላይ ይደርሳል ሲባል በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ከ2 እስከ 28 በመቶ የሚደርስ ሰፊ ልዩነት አሳይተዋል። አንዱ የልዩነት ምንጭ ዘር ነው፤ አይሶናያዚድን ቶሎ የሚለውጡና ቀስ ብለው የሚለውጡ ሰዎች አሉ፣ ቀስ የሚሉት ይበልጥ ይጋለጣሉ። ዕድሜ፣ አልኮል፣ የምግብ እጥረት፣ የሄፓታይተስ ቫይረስና ኤችአይቪም ይጨምሩበታል።

ስድስት ወር ክኒን መዋጥ ለሰለቸው ታማሚ «ጉበትህን ይጠብቅልሃል» የሚል ዱቄት ቢቀርብለት አይገርምም፤ በላቦራቶሪ የታየው ውጤት ደግሞ ለሻጩ ጥሩ ስንቅ ነው። በ2002 የሕንድ ተመራማሪዎች የሽፈራው ቅጠል ጭማቂ የቲቢ መድኃኒቶች በአይጦች ጉበት ላይ ያደረሱትን ጉዳት እንደቀነሰ አሳትመዋል። በጥቁር አዝሙድ ውስጥ ያለው ታይሞኩዊኖን፣ በእርድ ውስጥ ያለው ከርከሚን፣ ነጭ ሽንኩርትም እንዲሁ በአይጥ ጉበት ላይ ተመስግነዋል።

እንዲህ ያለ ሙከራ እንዴት እንደሚሠራ ቀረብ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። አይጦቹ በቡድን ይከፈላሉ። አንዱ ቡድን መርዙን ብቻ ያገኛል፤ ሌላው ብዙውን ጊዜ መርዙ ከመሰጠቱ ከቀናት በፊት ጀምሮ ወይም ከመርዙ ጋር የተክሉን ጭማቂ በጉሮሮው በቀጭን ቱቦ ይወስዳል። ከዚያ ደማቸው ይቀዳል፣ ጉበታቸው ተቆርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። የጭማቂው መጠን ከአይጧ ክብደት ጋር ሲነጻጸር ብዙ ጊዜ ሰው በምግብ ሊያገኝ ከሚችለው እጅግ ይበልጣል። አይጧ ቲቢ የለባትም፣ ጠላ አትጠጣም፣ የኤችአይቪ መድኃኒት አትወስድም። በዚህ መንገድ ጉበት «ያዳኑ» ተክሎች በመቶዎች ይቆጠራሉ። በሰው ላይ ተፈትኖ ለመድኃኒት ጉዳት ማርከሻ ሆኖ ወደ ሕክምና መመሪያ የገባ የአንዱን ስም መጥራት ግን ይከብዳል።

ኤን-አሴቲል ሲስቴይን ራሱ እንኳ ከፓራሲታሞል ሜዳ ሲወጣ እንደዚያ አያበራም። በደቡብ አፍሪካ ኬፕታውን በቲቢ መድኃኒት ጉበታቸው በተጎዳ ታማሚዎች ላይ ተሞክሮ የጉበት ኢንዛይሙን ወደ ቦታው የመመለሻ ጊዜ አላሳጠረም፤ በሆስፒታል የሚቆዩበትን ጊዜ ግን አሳጥሯል። አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ መድኃኒት ጉበትን የሚጎዳበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም። አንዳንዱ ጉዳት የሚመጣው የሰውነት መከላከያ ሠራዊት ተነሥቶ የገዛ ጉበትን ሲያጠቃ ነው፤ እዚያ ላይ አንቲኦክሲዳንት መጨመር ብዙም ላይፈይድ ይችላል።

በሰው ላይ ብዙ ከተፈተኑት የጉበት ዕፅዋት ታዋቂው በሜዲትራኒያን አካባቢ የሚበቅል፣ እንደ ኮሸሽላ እሾሃም የሆነ ተክል ነው። ከፍሬው የሚወጣው ውሁድ ሲሊማሪን ይባላል። በአሜሪካና በአውሮፓ፣ ሐበሾች በሚገበያዩባቸው ፋርማሲዎች ጭምር፣ በእንክብል ይሸጣል። በ2012 በአሜሪካ የሕክምና ማኅበር መጽሔት የታተመ ጥናት 154 የሄፓታይተስ ሲ ታማሚዎችን አካቶ ነበር፤ ከተለመደው በላይ ከፍ ያለ መጠን የወሰዱትም ቢሆኑ ባዶ እንክብል ከወሰዱት የተሻለ የጉበት ውጤት አላሳዩም። ሲሊማሪን ሙያ የለውም ማለት ግን አይደለም። በአውሮፓ አማኒታ ፋሎይደስ የተባለውን ገዳይ እንጉዳይ ለበላ ሰው ከዚሁ ተክል የተሠራ መርፌ በደም ሥር ይሰጣል። የሚጠቅመው በዋናነት የእንጉዳዩ መርዝ ወደ ጉበት ሴል የሚገባበትን መንገድ ስለሚዘጋ ነው ተብሎ ይታመናል።

አሁን ደግሞ ሻጮች ወደማያነሡት ጉዳይ እንምጣ። ራሱ አንቲኦክሲዳንቱ ጉበት ሲጎዳስ? አረንጓዴ ሻይ በስኒ ሲጠጣ የታወቀ የጉበት ችግር የለውም። ቅጠሉ ተጨምቆ ክብደት ለመቀነስ በእንክብል ሲዋጥ ግን ሌላ ነው። በ2003 ኤግዞሊዝ የተባለ የአረንጓዴ ሻይ ምርት ጉበት በመጉዳቱ ከፈረንሳይና ከስፔን ገበያ ወጣ። የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን በ2018 እንዳስታወቀው የሻዩን ዋና አንቲኦክሲዳንት በቀን 800 ሚሊግራምና ከዚያ በላይ በእንክብል መውሰድ የጉበት ኢንዛይሞችን ከፍ ያደርጋል። እርድም አልቀረላትም። በአልጫ ወጥ ውስጥ የምትገባዋ እርድ ማንንም አታሳስብም፤ በ2022 ግን የአሜሪካ የጉበት ጉዳት ምርምር መረብ ከእርድ እንክብል ጋር የተያያዙ አሥር የጉበት ጉዳቶችን ዘግቧል። ከአሥሩ ሰባቱ አንድ የተለየ የዘር ምልክት ነበራቸው፤ በአንዳንዶቹ እንክብሎች ውስጥ ደግሞ እርዱ በብዛት ወደ ደም እንዲገባ ቁንዶ በርበሬ ተጨምሮበት ነበር። በዚያው መረብ ከተመዘገቡ የጉበት ጉዳቶች ከአምስቱ አንዱ ገደማ ከዕፅዋትና ከማሟያ እንክብሎች የመጣ ነው።

«ከተፈጥሮ የመጣ አይጎዳም» የሚለውን አባባል ደግሞ ትግራይ ውስጥ የታሕታይ ቆራሮ ገበሬዎች በመራር መንገድ አፍርሰውታል። እ.ኤ.አ. ከ2000ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ በአካባቢው ሆዳቸው ውኃ ቋጥሮ የሚያብጥ፣ ጉበታቸው የሚጎዳ ሰዎች በዙ፤ ብዙዎችም ሞቱ። ተመራማሪዎች በመጨረሻ ጣታቸውን የቀሰሩት ከእህል ጋር አብሮ በሚታጨድ አረም ላይ ነው። አረሙ ፒሮሊዚዲን አልካሎይድ የሚባል መርዝ አለው። ፋብሪካ የለም፣ ክኒን የለም፤ መርዙ የመጣው ከማሳ ነው። በሐረር ሆስፒታሎች የተደረገና በ2018 የታተመ ጥናት ደግሞ ጫት መቃምን ሥር ከሰደደ የጉበት በሽታ ጋር አያይዞታል።

ሌላም ጣጣ አለ። ዕፅዋት ከመድኃኒት ጋር ይጋጫሉ። በ2002 በአሜሪካ በጤነኛ ሰዎች ላይ በተደረገ ሙከራ የነጭ ሽንኩርት እንክብል ሳኩዊናቪር የተባለውን የኤችአይቪ መድኃኒት በደም ውስጥ በግማሽ ገደማ ቀንሶታል። ቲቢ ወይም ኤችአይቪ ላለበት ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ መድኃኒቱ ካነሰ በሽታው ይላመደዋል።

እንግዲህ ጉበቱን መርዳት የሚፈልግ ሰው ምን ያድርግ? መልሱ እንደ ማስታወቂያው አያስደንቅም። ሽሮውን፣ ምስሩን፣ እንቁላሉን፣ ጎመኑን ይብላ፤ ግሉታታዮን የሚሠራው ከፕሮቲን ነው። የሽፈራው ቅጠልም በኮንሶ ለዘመናት እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ ምግብ ነው፤ በማዕድ ላይ ቦታው ይገባዋል። ቡና ለሚወድ ደግሞ መልካም ዜና አለ። በብሪታንያ ከ490 ሺህ በላይ ሰዎችን የተከታተለና በ2021 የታተመ ጥናት ቡና ጠጪዎች ሥር በሰደደ የጉበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው በ21 በመቶ ያነሰ መሆኑን አግኝቷል። ጥናቱ የታዘበ እንጂ የፈተነ ስላልሆነ ቡናው ራሱ አዳነ ለማለት አያስደፍርም፤ ጀበናውን ለመተው ግን ምክንያት አይሰጥም። አልኮልን መቀነስ፣ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት መውሰድ፣ የመድኃኒትን ልክ መጠበቅ ከየትኛውም ዱቄት የበለጠ የተረጋገጠ ጥቅም አላቸው።

የቲቢ መድኃኒት የሚወስዱ አድማጮች ደግሞ እነዚህን ምልክቶች ይያዙ፦ የምግብ ፍላጎት መጥፋት፣ የማያቋርጥ ማቅለሽለሽና ማስመለስ፣ በስተቀኝ ከጎድን ሥር የሚሰማ ሕመም፣ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ መጥቆር፣ የዓይን ነጭ ክፍል ቢጫ መሆን። ሕዝቡ የወፍ በሽታ የሚለው ይህንን የመጨረሻውን ምልክት ነው። ከእነዚህ አንዱ ሲታይ ወደ ባህል ሐኪም ወይም ወደ ዱቄት ሻጭ ሳይሆን በዚያው ቀን ወደ ሕክምናው ጣቢያ ይሂዱ። መድኃኒቱን በራስ ፈቃድ ቆርጦ ወር መቀመጥ ቲቢውን ያጠነክራል፤ የትኛው መድኃኒት ለስንት ጊዜ እንደሚቆም፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚመለስ የሚወስነው ሐኪሙ የደም ምርመራውን አይቶ ነው።

ወደ ሐኪም ስትሄዱም የምትጠቀሙትን ሁሉ በአንድ ላስቲክ ያዙ፦ ክኒኑን፣ ዱቄቱን፣ ዘይቱን፣ ከውጭ የተላከውን እንክብል። ሐኪሙ ባይጠይቃችሁ እናንተ ንገሩት።